ባለ ሁለት እግሩን ሞተር ከተሰናበትኩ በኋላ የትኛውን ባለ ሦስት እግር ልግዛ?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የድሬዳዋና የሐረር ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በግብርና ሙያ ስሠራ፣ በድሬዳዋ ዙሪያ ያሉትን የገጠር ቀበሌዎች ያዳረስኩት በሞተር ሳይክል ነው። አሁን ግራ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ሐኪሙ መንዳትን አልከለከለኝም፤ የከለከለኝ በዚያ እግር ክብደት መሸከምንና ደጋግሞ መርገጥን ነው። ሞተር የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ግራ እግር ማርሽ ይቀይራል፤ ሲቆሙ ደግሞ መሬት ረግጦ ሞተሩን ከነተሳፋሪው ይደግፋል። ሁለቱም ከእንግዲህ ለእኔ የሚሆኑ አይደሉም።

መንዳት ግን መተው አልፈልግም። የምኖረው ሳቢያን ነው። ባለቤቴን ቀፊራ ገበያ አድርሼ መመለስ፣ ከዚራ ሄጄ ከጓደኞቼ ጋር ሻይ መጠጣት፣ አልፎ አልፎም የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ያለችውን እህቴን መጠየቅ እፈልጋለሁ። በሐሳቤ ያሉት አራት ናቸው፦ ለግል አገልግሎት የሚሆን ባጃጅ፣ ከኋላው የጭነት ሳጥን ያለው ባለ ሦስት እግር ሞተር፣ ያለኝን ሞተር በጎኑ ተጨማሪ ጎማና መቀመጫ አስገጥሞ መጠቀም፣ ወይም ውጭ አገር ያለው ልጄ ፎቶውን እየላከ የሚያስጎመጀኝ ትልቁ ባለ ሦስት እግር። የነዳችሁም፣ የጠገናችሁም፣ የተገለበጣችሁም ብትሆኑ የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልሶቹ

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጉዳይ ስለሆነ የመጡልኝን መልሶች ቁጥራቸውን ጠብቄ በራሴ አነጋገር ጽፌያቸዋለሁ።

መልስ 1 የመጣው መጋላ ውስጥ ባጃጅ ከሚነዳ ወጣት ነው። ጋሼ ብሎ በአክብሮት ጀመረና አንድ ለአንድ አስረዳኝ። በባጃጅ ፍሪሲዮኑም ማርሹም ግራ እጅ ላይ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እጀታውን በማዞር ማርሽ ይገባል። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ እጅ ነው፣ ፍሬኑ የሚረገጠው በቀኝ እግር ነው። ግራ እግር ምንም ሥራ የለውም፤ ወለሉ ላይ አርፎ ይሄዳል። የኋላ ማርሽ ስላለውም ወርዶ መግፋት አያስፈልግም። መለዋወጫው በየሰፈሩ እንደሚገኝ፣ የማይጠግነው መካኒክም እንደሌለ ጨመረልኝ። ለጉልበቴ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ መረጃ በመላው ውይይት አላገኘሁም።

መልስ 2 የአንዲት የሐረር ነጋዴ ነው። እሷ ስለ ሞተሩ አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ስለ ባለቤቴ ነው። ከእኔ ኋላ እግሯን አንፈራጣ እንድትቀመጥ ነው የማስበው ወይስ ጣሪያ ሥር? የድሬን ፀሐይና የሐረርን ዝናብ ታውቃቸዋለህ፣ ለሁለቱም ጥላ ያስፈልጋል የሚል ነበር ሐሳቧ። በጁገል ግንብ ውስጥ ደግሞ ብዙዎቹ መተላለፊያዎች ለእግረኛና ለአህያ የተሠሩ ስለሆኑ፣ ወርዱ ሰፋ ያለ ነገር ይዞ መምጣት ከበሩ ውጭ አቁሞ በእግር መግባት መሆኑን አስታወሰችኝ። ይህን ጉዳይ ለባለቤቴ ሳነብላት ራሷን ነቀነቀች።

መልስ 3 አጭር ነበር፦ የጭነቱን ባለ ሦስት እግር ውሰድ፣ ጠንካራ ነው፣ ሥራም ታሠራበታለህ የሚል ምክር። መልስ 4 ወዲያው አረመው። የጭነቱ ሞተር የፊት ግማሹ እንዳለ ሞተር ሳይክል ስለሆነ ማርሹ ያው በግራ እግር ነው። ከኋላ ያለው ባሌስትራም ለኩንታል የተሠራ በመሆኑ፣ ባዶውን ሲነዱት በየጉድጓዱ ይዘላል። በዚህ የጭነቱ ጉዳይ ተዘጋ።

መልስ 5 ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ። ጸሐፊው በባቡሩ ወርክሾፕ ለረጅም ዘመን የሠሩ መካኒክ ናቸው። እሳቸው ምርጫውን በስም ሳይሆን በቅርጽ እንድጀምር መከሩኝ። ሦስቱ ጎማዎች መሬት የሚነኩባቸውን ነጥቦች በሐሳብ በመስመር አገናኛቸው፤ የምታገኘው ሦስት ማዕዘን ነው። የተሽከርካሪውና የሰዎቹ ክብደት መሐል ነጥብ ከዚያ ማዕዘን ውስጥ እስካለ ድረስ አይገለበጥም። ስትዞር ክብደቱ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ፍሬን ስትይዝ ደግሞ ወደ ፊት። ባጃጅን ጨምሮ ፊት ለፊት አንድ ጎማ ባላቸው ሁሉ ማዕዘኑ ወደ ፊት ይጠባል። ስለዚህ እየዞሩ ፍሬን መርገጥ ክብደቱን ወደ ጠባቡ ጫፍ ይወስደዋል፤ ባጃጅ የሚገለበጠውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ሁለቱ ጎማ ከፊት በሆኑት ግን ሲቆም ክብደቱ የሚሄደው ወደ ሰፊው ጎን በመሆኑ ይረጋጋሉ። ለባጃጅ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሶ፣ ኩርባውን በቀስታ መግባት።

ሁለተኛው ነጥባቸው በተለይ እንደ እኔ ከባለ ሁለት እግር የሚመጣን ሰው ይመለከታል። ሞተር ሳይክል ከእግረኛ ፍጥነት በላይ ሲሄድ ወደ ቀኝ የሚዞረው የመሪውን ቀኝ ጫፍ በመዳፍ ወደ ፊት ገፋ በማድረግ ነው። ጎማው ለቅጽበት ወደ ግራ ይላል፣ ሞተሩ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ከዚያም ይዞራል። ብዙ ዘመን የነዳ ሰው ይህን ሳያስበው ያደርገዋል። በማያዘነብል ባለ ሦስት እግር ላይ ያንኑ ግፊት ቢያደርግ ግን ጎማው ወደ ግራ ብሎ በዚያው ይሄዳል፤ ቀኝ ሲፈልግ ግራ መንገድ ላይ ራሱን ያገኛል ማለት ነው። አካሉንም ወደ መታጠፊያው ውስጥ ማዘንበል ያለበት ሰውየው እንጂ ተሽከርካሪው አይደለም። ልምድ ያለው ሞተረኛ ከጀማሪ የባሰ አደጋ ላይ ሊወድቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ከጀማሪው የሚፈለገው መማር ብቻ ነው፤ ከሞተረኛው ግን ክንዱ የለመደውን ማስረሳት ጭምር ነው። የአዛውንቱን ጽሑፍ ካነበብኩ በኋላ ጥያቄዬ የትኛውን ልግዛ ከሚለው ይልቅ የት ቦታ እንደ አዲስ ልማር ወደሚለው ዞረ።

መልስ 6 ይህን አልተቀበለም። ጸሐፊው ሞተርን የሚያዞረው የሰውነት ክብደት እንጂ መሪውን ተቃራኒ መግፋት እንዳልሆነ፣ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎም እንደማያውቅ ቆጣ ብሎ ጻፈ። መልስ 7 ላይ አንድ ተማሪ ነኝ ያለ ልጅ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሄዶ መሞከሩን አሳወቀ፤ ቀኝ መዳፉን በቀስታ ሲገፋ ሞተሩ ወደ ቀኝ ማዘንበሉን በዓይኑ አይቷል። በመልስ 8 አዛውንቱ ተመልሰው ሁለቱንም አመሰገኑ። ማዘንበሉም እውነት እንደሆነ፣ ሰውነት ሲያዘነብል መዳፍ ሳይታወቀው መሪውን እንደሚገፋ፣ ስለዚህ የመልስ 6 ጸሐፊ ያልዋሸ መሆኑን አስረዱ። አንድ ሰው ሌላውን ሳያዋርድ ማረም የሚችለው በዚህ መልኩ ነው፤ እኔ ተደስቼበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ሻከር ይላል። የመልስ 9 ጸሐፊ የቤት መኪና ነጂ ይመስላል። ባጃጅ ነጂዎች ያለ ምልክት የሚታጠፉ፣ በቀኝ በግራ የሚሰነቀሩ፣ ለከተማዋ መከራ የሆኑ ሰዎች ናቸው ብሎ በጅምላ ፈረጃቸው፤ በዚህ ላይ ጉልበቱ የደከመ ጡረተኛ መጨመር ምን ይባላል ሲል ጠየቀ። መልስ 10 የመጋላው ወጣት የጻፈው ነው፤ በመጀመሪያው መልሱ ላይ የነበረው ለስላሳ አንደበት አልነበረም። ነፍሰ ጡርን በሌሊት ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ማን እንደሆነ፣ ታክሲ በማይገባበት ሰፈር የአዛውንቶችን ዕቃ በር ድረስ የሚያወርደው ማን እንደሆነ ጠየቀ፤ ስድቡንም መልሶ ሰደበ። ስድቡን አልደግፍም፤ የተናገረውን ግን እደግፋለሁ። ድሬዳዋ ያለ ባጃጅ ምን እንደምትመስል ማሰብ ይከብደኛል።

መልስ 11 እኔኑ ነካኝ። በዚህ ዕድሜ መሪ መጨበጥ ምን ያደርጋል፣ ልጅ ወልደሃል፣ ይንዱህ የሚል ነበር። መልስ 12 የእኔ ነው። ልጆቼ እንደሚወዱኝ፣ ነገር ግን በፈለግሁት ሰዓት ተነስቼ ወደ ፈለግሁበት መሄድ የሰውነቴ ክፍል እንደሆነ ጻፍኩ። ጉልበት የታመመ ሰው ዓይኑና ልቡናው አልታመመም። ቤት መዋል ደግሞ የጉልበትን ሕመም እንደማይሽረው ቤት የዋሉትን እኩዮቼን አይቼ አውቃለሁ። ከዚህ ወዲያ ስለ ዕድሜዬ የጻፈ የለም።

መልስ 13 ውጭ አገር ከሚኖር የሐረር ልጅ የመጣ ሲሆን፣ በትልልቆቹ ላይ ሰፊ ትምህርት ሰጥቶናል። ልጄ ፎቶውን የሚልክልኝ ካን አም ስፓይደር የሚባለው በካናዳ የሚሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበ ነው፤ ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ከኋላ። አያዘነብልም፤ ሊገለበጥ ሲል የሚያርመው የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት አለው። የሃርሊ ዴቪድሰኑ ትራይ ግላይድ ግን እንደ ባጃጅ አንድ ጎማ ከፊት ያለው ሲሆን ክብደቱ ከ500 ኪሎ በላይ ነው። ከእነዚህ የሚለዩት የሚያዘነብሉት ናቸው። የጣሊያኑ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤምፒ3 ሁለቱ የፊት ጎማዎቹ ከነጂው ጋር አብረው ያዘነብላሉ፤ ስለዚህ የሚነዳው እንደ ሞተር ሳይክል ነው፣ መሪውን የመግፋት ልማድም እንዳለ ይሠራል። ማርሹ አውቶማቲክ ነው። ሊቆም ሲል ነጂው ቁልፍ ተጭኖ ማዘንበሉን ያስረዋል፣ እግርም መሬት መንካት አያስፈልገውም። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው 847 ሲሲው ኒከን ግን ያዘነብላል እንጂ ቆሞ ራሱን አይችልም፤ ማርሹም በእግር ነው። ሦስት ጎማ ስላለው ብቻ ኒከንን የሚገዛ ጉልበተ ታማሚ ገንዘቡን ከስሮ እንደሚቀር አስጠነቀቀ። ይህ ምክር ለእኔ ብቻ ሳይሆን ውጭ ካሉ ዘመዶቻቸው ዕቃ ለሚጠብቁ ሁሉ ይጠቅማል።

መልስ 14 ያንን ሁሉ ወደ ድሬዳዋ አወረደው። ለኤምፒ3 የፊት አካል አንድ ላስቲክ ቢቀደድ ከየት ይመጣል? ስፓይደር ከመሬት ያለው ከፍታ ዝቅተኛ ስለሆነ የፍጥነት መገደቢያዎቻችንን ሆዱን ሳያስነካ ያልፋቸዋል? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውንም አስታውሶ፣ በባለ ሦስት እግር ላይ ደንቡ ምን እንደሚል ጉምሩክን ሳይጠይቁ አንድ ብር እንዳይላክ መከረ። የመንጃ ፈቃዴ ምድብ ባለ ሦስት እግርን እንደሚያካትት ቀድሜ እንዳጣራም ነገረኝ። ልጄ ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፤ ምክሩ ግን ትክክል ነው።

መልስ 15 የአንድ በያጅ ነው፤ በጎን ጋሪ ስለተገጠመለት ሞተር። በቀኝ ስለምንነዳ ጋሪው የሚገጠመው በቀኝ ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ባዶው ጋሪ ከመሬት ይነሳል፤ ስለዚህ ሰው ከሌለበት የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል። ነዳጅ ሲሰጡ መሪው ወደ ቀኝ ይስባል፣ ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ። እሱ ቢከፈለው እንደሚሠራው፣ ነገር ግን የሞተሩ አጽም ለጎን ጭነት ካልተሠራ ብየዳው ላይ ሊሰነጠቅ እንደሚችል በግልጽ ጻፈ። ሥራ እየቀረበት እውነቱን የነገረኝን ይህን ሰው አመሰግነዋለሁ። ማርሹ አሁንም በግራ እግር በመሆኑ ለእኔ ባይሆንም፣ ጉልበቱ ደህና ለሆነ ሰው ጥሩ መረጃ ነው።

ከመልስ 16 እስከ 20 ውይይቱ መንገድ ለቀቀ። አንዱ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ውስጥ ባለ ሦስት እግር የፊት ጎማው እንደሚቀበርና፣ ሁለት እግር የሚያልፍበትን እንደማያልፍ አነሳ። እውነት ነው። በጉድጓድም ቢሆን ሞተር አንድ መስመር ብቻ ይፈልጋል፤ መኪና ጉድጓዱን መሐል አድርጎ ያልፈዋል፤ ባጃጅ ግን የጎን ጎማዎቹን ቢያድን የመሐሉ ይገባበታል። ከአሸዋው ወሬው ወደ ጎርፉ ሄደ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው የቀጠፈበትን ሌሊት የሚያስታውሱ ሁለት ሰዎች ጻፉ፤ አንዷ ጎረቤቶቿን ያጣች ናት። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ደጋው ላይ የዘነበ ዝናብ ደረቁን ወንዝ እንደሚሞላው ለአዲስ ነዋሪዎች ማስታወስ ፈልጋ ነው። ከርዕሱ የወጣ ቢሆንም ማንም እንዲቆም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅሁም። መልስ 20 ደርቆ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ውኃ መልሶ መያዙን ከመንገድ ሲያዩት ደስ እንደሚል ጻፈና ወደ ደንገጎ መንገድ መለሰን።

መልስ 21 የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። የኤሌክትሪክ ባለ ሦስት እግር ፍሪሲዮንም ማርሽም ስለሌለው፣ የነዳጅ ሰልፍም ስለማያስፈልገው ለእኔ ተስማሚ እንደሆነ ጻፈ። ነገር ግን ባትሪው ሊድ አሲድ ከሆነ የድሬዳዋ ሙቀት ዕድሜውን በጣም ያሳጥረዋል፤ ሊቲየም መሆኑን፣ ዋስትናው ለባትሪው ጭምር መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ እንደሚገባ አሳሰበ። ዳገት ደግሞ ባትሪ ይበላል፤ ሻጩ የሚናገረው ርቀት በሜዳ ላይ የተለካ ነው።

መልስ 22 ላይ የባቡሩ መካኒክ የደንገጎን ጉዳይ ቁርጡን ነገሩኝ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። መውጣቱ ባጃጅን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም። የሚያሰጋው መውረዱ ነው። ያ ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት በትንሽ የከበሮ ፍሬን ነው የሚወረደው፤ ፍሬኑ ደጋግሞ ሲረገጥ ይግላል፣ ሲግልም መያዙ ይቀንሳል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይረዳል፤ ከኋላ የአወዳይ ጫት የጫነ መኪና እየተምዘገዘገ ሲመጣ ግን ቀስ ብሎ መውረድ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ ባጃጁ የከተማ ይሁን፣ ለሐረር ሚኒባስ ያዝ ብለው ደመደሙ። መልስ 23 ከዚህ ጋር አልተስማማም፤ በባጃጅ ሐረር ደርሰው የሚመለሱ ሰዎች እንዳሉ ጻፈ። እንዳሉ እኔም አይቻለሁ። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ግን አልሞክረውም።

በመልስ 24 ውሳኔዬን አሳወቅሁ፦ ያገለገለ ባጃጅ፣ ለግል አገልግሎት፣ ለድሬዳዋ ውስጥ ብቻ። ኤሌክትሪኩን አልጠላሁትም፤ ሲበላሽ እንደ ባጃጅ በየሰፈሩ የሚጠግነው መካኒክ ሲበዛ እመለስበታለሁ። የሞተሬን ቁልፍም ለእህቴ ልጅ ልሰጠው ወስኛለሁ።

መልስ 25 እንደገና የመጋላው ወጣት ነው፤ ቁጣው በርዶለታል። ያገለገለ ባጃጅ ሲገዛ ቀለሙን ትቼ ምን እንደማይ ነገረኝ። ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ጎማዎች ማየት፤ ከላይ ወደ ውስጥ ካዘነበሉ ክንዶቹ ደክመዋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ ግራና ቀኝ መነቅነቅ፤ ቋ የሚል ድምፅ ካለ መሪው ልል ነው። ከሞተሩ ወደ ጎማዎቹ በሚሄዱት ዘንጎች ላይ ያሉት ላስቲኮች ተቀደው ግሪስ እየተፉ እንደሆነ በእጅ መዳሰስ። ከነጂው መቀመጫ ሥር ወለሉን ገልጦ ብየዳ መኖሩን ማየት፤ አንድ ጊዜ የተገለበጠ ባጃጅ የሚታወቀው እዚያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አብሮኝ ሊያይ፣ ከገዛሁም ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሊያለማምደኝ ቃል ገባ። የመልስ 9 ጸሐፊ በመልስ 26 ለወጣቱ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ግን አሸዋ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ባለቤቱ ብቻ የነዳው አንድ ባጃጅ ለሽያጭ እንዳለ ጠቆመኝ።

ቅዳሜ የምናየው እሱን ነው። ባለ አራት ስትሮክ ሞተር ያለው፣ ሰማያዊ ቀለም ነው። ማርሽ ሳጥኑ ተከፍቶ ተጠግኖ የሚያውቅ ስለመሆኑ የምታውቁ ካላችሁ ከዚያ በፊት ጻፉልኝ።